ሁለት ገጽ

ብርዱ ሲጠነክር በሂዩማ ደሴት
ባሕሩ መንገድ ነው፣ አስፋልት የሌለበት።
ዳርና ዳሩን ጥድ ተክለው ይለያሉ፣
ኤንደል ሂዱ ሲል ነው ሰዎች የሚያልፉ።
አጎቴ ነው ኤንደል፤ ገና ሳይነጋ ወጥቶ
ውፍረቱን ይለካል በረዶውን በስቶ፤
ሃያ አምስት ከሞላ «መኪና ይለፍ» ይላል፣
ከጎደለ ደግሞ ሰንሰለት ይስባል።

«ስልኬ አላስተኛኝም» አለኝ አንድ ምሽት፣
«ክፍት ነው? ዝግ ነው? ሌሊት በሌሊት!
የተማርሽው ትምህርት እስቲ ለዚህ ይሁን፣
ገጽ ሥሪልኝና እዚያ ይዩት ሁሉን።»

ሠራሁ።
ከኩሽና ጥግ፣ ከምድጃው ሥር ሆኜ
አንዲት መስመር ጻፍኩኝ ማዕቀፉን ለምኜ።
ጫን ብለው ጫነልኝ፣ ጥገኛ በጥገኛ፣
ስምንት መቶ ጥቅል፣ እንደ መንገደኛ፤
ለአንድ ቃል፣ ለ«ክፍት»፣ ይህ ሁሉ አጃቢ!
ማን መረመራቸው? ማንስ ነው አንባቢ?
ከዚያ ቀይ በቀይ፤ ግንባታው ተሰበረ፣
ሥሪት ከሥሪቱ ተጣልቶ አደረ፤
አንዱን ዝቅ ሳደርግ ሌላው እያኮረፈ
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ሌሊቱ አለፈ።
በመጨረሻው ግን አረንጓዴ በራ፤
ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ገጼን ተቀብሎ ሠራ።
አድራሻውን ጽፌ ስከፍተው በስልኬ
«ክፍት» ይላል በትልቁ፤ ዘለልኩኝ ያለልኬ።

አጎቴ አየውና፣ ጺሙን እየነካ፣
«ፈጣንስ ፈጣን ነው» ብሎ ወጣ ሊለካ።

ፈጣን ነበር፣ አዎ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤
አንዴ ይሠራና ያንኑ ነው የሚያድለው፤
ለመጣ ለሄደው ቅጂውን ይሰጣል፣
የተሸጎጠ ቃል፣ የቀዘቀዘ ቃል።

በሦስተኛው ቀን ላይ የደቡብ ነፋስ መጣ፣
ከበረዶው በታች ውሃ እያወጣጣ።
አጎቴ ለካና «አሥራ ዘጠኝ» አለ፣
በስልኩ «ዝግ» ብሎ ጽፎ አቀበለ።
ዳታቤዙ ሰማ፤ መዘገበ፤ ያዘ።
ገጼ ግን አልሰማም፣
በትናንቱ «ክፍት» እንዳለ ፈዘዘ።

ካውፖ በወዲያ ዳር፣ በዳቦው መኪና፣
ሁለት መቶ ዳቦ ከኋላ ጫነና
ስልኩን አየ፦ ክፍት።
የዚያ ዳር ዘበኛም ያየው ያንኑ ነው፤
ሰንሰለቱን ለቆ እጁን አነሳለት።
ቀበቶውን ፈታ (በበረዶ ላይ ቀበቶ አይታሰርም)፣
በሩንም ገርበብ አርጎ ነዳ፣ አልተጠራጠረም።

እኔ አላየሁም፤ ኋላ ነው የሰማሁ፤
ቡና እየጠጣሁ ገጹን ማን አየው እያልኩ ስቆጥር ነበርኩ።
በረዶው ጮኸ አለ ካውፖ፣ እንደ አሮጌ በር፤
ከፊቱ አንድ ሽማግሌ፣ መሰርሰሪያውን ሽቅብ አንስቶ፣
ቀይ ሻርፕ ጫፉ ላይ አስሮ፣ እየጮኸ ይሮጥ ነበር።
ወደ ኋላ ነዳ። የኋላ ጎማው ረጠበ።
ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ምንም አልሆነም።
ዳቦውም አልረጠበ።

አጎቴ አልተቆጣም። ጓንቱን አሰጣና፣
ከእሳቱ ዳር ሆኖ፣ ዝም ብሎ ቆየና፦
«ኬርቱ፣ የባሕሩም ገጽ ነው፣ ያንቺም ገጽ ነው፤
የሱ ሲለዋወጥ ያንቺ ለምን ደረቀ?
ፊቱ የማይለወጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?
እኔ አውቃለሁ። ብድሬን ወስዶ የካደኝ ነው።»

አንዲት መስመር ነበረች የጎደለችው፦
«በየደቂቃው ጠይቅ»። ጻፍኳት፤ እጄ ቀዝቅዞ።
ከቃሉም በታች ሰዓቱን ጨመርኩ፣
የለካውንም ሰው ስም፤
ማን እንዳለ የማይነግር «ክፍት» ከእንግዲህ አላምንም።
ግንባታው አለፈ። አረንጓዴ በራ።
በዚያ ሌሊት ግን አልዘለልኩም፤
እስኪነጋ ድረስ እያደስኩ እያደስኩ፣
«ዝግ» የሚለውን አይ ነበር።

አሁን ብርዱ ተመልሷል፤ ሃያ ስምንት ደርሷል።
ካውፖ ከባሕሩ ዳር መኪናውን ያቆማል፣
ገጹን ይከፍታል፣ ሰዓቱን ያነባል፣ ስሙን ያነባል፤
ከዚያ ጓንቱን በጥርሱ ያወልቅና
ለአጎቴ ይደውላል፦
«ኤንደል፣ ገጹ ክፍት ይላል፤ እውነቱን ነው?»
አጎቴም፣ አንድ እግሩ ቦቲ ውስጥ፣ ሌላው በካልሲ፦
«ቆይ እስቲ፣ ወጥቼ ልየው።»